ዊሊስ ካሪየር፦ አየርን በቱቦ የለካው ሰው



ኅዳር ላይ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ለሱብሒ ተነሥቶ ውዱእ ያደረገ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። የቧንቧው ውኃ ራሱ ያን ያህል አይከፋም። የሚቆረጥመው ከቧንቧው ርቀን፣ ክንዳችን ገና እርጥብ ሳለ ነፋሱ ሲያገኘን ነው። ልብስ ሸፍኖት ያልረጠበውን እጃችንን ብንገልጠው ያንኑ ነፋስ ይችለዋል፤ የረጠበው ግን ይንዘፈዘፋል። አየሩ አንድ ነው፣ ነፋሱም አንድ ነው። ልዩነቱ ከቆዳችን ላይ የሚተነው ውኃ ለመትነኛ የሚፈልገውን ሙቀት ከእኛው ላይ መውሰዱ ነው። በዚህ እትም ሕይወቱን የምንተርክላችሁ ሰው ይህንን ነገር ማንም ሊሠራበት በሚችል ቁጥርና ቀመር ያስቀመጠልን ነው።

በእንዲህ ያለ ገጽ ስለ ኢብኑል ሀይሠም ወይም ስለ አል-ጀዘሪ ማንበብ የለመዳችሁ ወንድሞችና እህቶች ካሪየር እዚህ ምን ይሠራል ትሉ ይሆናል። ሙስሊም አልነበረም። ሆኖም ሐጅ አድርገው የተመለሱ አባቶቻችንና እናቶቻችን ስለ መዲና ሲያወሩን ከውጪው ሐሩር ወደ መስጂደ ነበዊ ሲገቡ ስለሚቀበላቸው ቅዝቃዜ ሳያነሡ አያልፉም። ያ ቅዝቃዜ ከመስጂዱ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከተሠራ ማቀዝቀዣ ጣቢያ፣ በምድር ውስጥ በተዘረጋ ቱቦ እንደ ቀዝቃዛ ውኃ ተጉዞ የሚመጣ ነው። የዚያ ዓይነቱን ሥራ ስሌት ከጀመሩት ሰዎች አንዱን ማወቅ ተገቢ መሰለን። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዊሊስ ሃቪላንድ ካሪየር በኅዳር 1876 በአሜሪካ ኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት፣ በኢሪ ሐይቅ አጠገብ አንጎላ በምትባል የገጠር መንደር ተወለደ። ከአፍሪቃዋ አንጎላ ጋር እንዳይምታታባችሁ። ለወላጆቹ አንድ ልጅ ነበር፤ ያደገው ከገበሬ ቤት ነው። እናቱ ሰዓትም ሆነ የስፌት መኪና ሲበላሽ ፈትታ የምትጠግን ሴት ነበረች። ልጁ ክፍልፋይ አልገባው ሲል ከምድር ቤት ፖም አምጣ ብላው፣ ፖሙን ለሁለት፣ ለአራት፣ ለስምንት እየቆረጠች አስደመረችው፣ አስቀነሰችው። ካሪየር ሸምግሎም ይህን ትምህርት ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ያስታውሰው ነበር። እሷ ግን ልጇ 11 ዓመት ሲሆነው ሞተች።

በ1893 በአሜሪካ የገንዘብ ቀውስ ደረሰ። ገበሬው እጅ ላይ ብር ጠፋ፤ የልጁም ትምህርት ተጓተተ። ለተወሰኑ ዓመታት የገጠር ተማሪ ቤት አስተማረ። በኋላ ስኮላርሺፕ አግኝቶ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ለኑሮው ደግሞ ሣር እያጨደ፣ ምግብ ቤት እያስተናገደ፣ የተማሪዎችን ልብስ ለአጣቢ እየሰበሰበ ጨረሰ። እዚህ ግቢያችን ውስጥ ፎቶኮፒ እያነሡ፣ ጫማ እየጠገኑ የሚማሩ ወንድሞች እንዳሉን ሳናስብ ይህን ማንበብ አልቻልንም።

በ1901 በኢንጂነሪንግ ተመርቆ ቡፋሎ ፎርጅ በሚባል፣ ማራገቢያና ማሞቂያ በሚሠራ ድርጅት በሳምንት 10 ዶላር ተቀጠረ። የመጀመሪያ ሥራው እንጨትና ቡና የሚደርቅበትን ማሞቂያ መንደፍ ነበር። ቡናን ፀሐይ ላይ አስጥተን ለምናደርቅ ለእኛ አገር ሰዎች ይህች ነገር ፈገግ ታሰኛለች።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ይህ የሕይወቱ ክፍል እምብዛም አይወራለትምና። የማሞቂያው አሠራር ቀላል ነው። በተደረደሩ የብረት ቱቦዎች ውስጥ የውኃ እንፋሎት ይሄዳል፤ ከውጪ ማራገቢያ አየር ይነፋባቸዋል፤ አየሩ ሞቆ ወደ ማድረቂያው ይገባል። ግን ስንት ቱቦ ይበቃል? አየሩስ በምን ፍጥነት ይነፋ? ካሪየር መልሱን ፍለጋ መጻሕፍትና ካታሎግ ቢያገላብጥ የሚታመን ቁጥር አጣ። መሐንዲሶቹ በግምት ይሠሩ ነበር፤ ግምቱ እንዳያሳፍራቸውም ቱቦውን ያበዙታል። እሱ ከሥራ ሰዓት ውጪ ሳይቀር እየተቀመጠ፣ እንፋሎት ያለበትን የቱቦ ድርድር እያስነፋ የሚገባውንና የሚወጣውን አየር ሙቀት ለካ፣ ፍጥነቱን ለካ፣ በሰንጠረዥ አሰፈረው። ከዚያ ወዲህ ነዳፊው የሚፈልገውን የአየር ሙቀት ይዞ ስንት ቱቦ እንደሚያስፈልገው ከሰንጠረዡ ማንበብ ቻለ። ድርጅቱ በአንድ የማሞቂያ ወቅት ብቻ 40,000 ዶላር ያህል እንዳዳነበት ይነገራል። ለወጣቱም የምርምር ክፍል ተሰጠው።

ነገሩ ለምን ከባድ እንደሆነ ክፍል ውስጥ ለማናጠናው ወገኖች እንግለጸው። በቱቦው ውስጥ ያለው እንፋሎት ሙቀቱን ለብረቱ በቀላሉ ይሰጣል። ብረቱም ያሳልፈዋል። ንፉጉ አየር ነው። በቱቦው ግድግዳ ላይ እምብዛም የማይንቀሳቀስ ስስ የአየር ሽፋን ይለጠፋል፤ ሙቀቱ በዚያ ሽፋን ውስጥ እየታሸ ማለፍ አለበት። ነፋሱን ብናፈጥነው ሽፋኑ ይሳሳል፤ ነገር ግን ማራገቢያው የሚበላው ጉልበት ከፍጥነቱ ይልቅ እጅግ አብልጦ ይጨምራል። ወይም በቱቦው ላይ ስስ ቆርቆሮ እየደረደርን አየሩ የሚነካውን ስፋት እናበዛለን። የመኪና ራዲያተር ያ ሁሉ ስስ ቆርቆሮ ያለው ለዚህ ነው። ከጎሓ ጽዮን ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣ የጭነት መኪና አባይ በረሃ ላይ ኮፈኑን ከፍቶ ሲቆም ያላየ የጎጃም ተማሪ የለም። ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ ይሠራል፣ መኪናው ግን በእግረኛ ፍጥነት ስለሚሄድ ራዲያተሩ የሚያገኘው ነፋስ ጥቂት ነው፣ የቆላው አየርም ራሱ ይጋል። ሾፌሩ ጀሪካን ይዞ ሲወርድ የሚታገለው ካሪየር ከለካው ነገር ጋር ነው።

በ1902 ብሩክሊን ውስጥ የነበረ አንድ ማተሚያ ቤት ችግር ገጠመው። ባለቀለም ሥዕል የሚታተመው ቀለሞቹ አንድ በአንድ ተደራርበው ነው፤ አየሩ ሲረጥብ ወረቀቱ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል፤ ሁለተኛው ቀለም ከመጀመሪያው ጋር አልገጥም ይላል። ካሪየር ያንኑ የቱቦ ድርድር ገለበጠው። በእንፋሎት ፋንታ ቀዝቃዛ ውኃ ሰደደበት። አየሩ በቀዝቃዛው ቱቦ ላይ ሲያልፍ፣ በብርድ ጊዜ መስኮት እንደሚያልበው፣ ርጥበቱ ጠብ ጠብ እያለ ይቀራል። ግቡ የክፍሉን አንጻራዊ ርጥበት ዓመቱን ሙሉ 55 በመቶ ላይ መያዝ ነበር። ንድፉ ሐምሌ 17 ቀን 1902 ተጠናቀቀ፤ ማቀዝቀዣው በቀን 49,000 ኪሎ ያህል በረዶ ሲቀልጥ የሚወስደውን ሙቀት እንዲወስድ የታሰበ ነበር። ካሪየር ያኔ 25 ዓመቱ ነበር። ዛሬ ኤር ኮንዲሽነር የምንለው ነገር የተጀመረው ለወረቀት ምቾት እንጂ ለሰው አልነበረም ማለት ነው።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ፒትስበርግ ባቡር ጣቢያ ላይ ቆሞ ጉም ከበበው። ጉሙ በውኃ የጠገበ አየር ነው፤ ግን ቀዝቃዛ ስለሆነ የያዘው ውኃ ጥቂት ነው። ስለዚህ አየርን ሙቀቱ በተወሰነ የውኃ ፍንጣቂ ውስጥ ብናሳልፈው የምንፈልገውን ያህል ርጥበት ብቻ ይዞ ይወጣል፤ በውኃ አየርን ማድረቅ ይቻላል። አባባሉ እብደት ይመስላል። በ1906 የፈጠራ መብት አገኘበት።

በ1911 መጨረሻ ለአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር ያቀረበው ጽሑፍ ግን ከመሣሪያዎቹ ሁሉ ይበልጥብናል። ሁለት ቴርሞሜትር እንውሰድ፤ አንዱን እንዳለ እንተወው፣ የሌላውን ጫፍ በእርጥብ ጨርቅ እንጠቅልለው። እርጥቡ፣ ልክ እንደ ውዱእ ክንዳችን፣ ዝቅ ያለ ሙቀት ያሳያል። ካሪየር ከሁለቱ ቁጥሮች ተነሥቶ አየሩ ስንት ውኃና ስንት ሙቀት እንደተሸከመ የሚያሰላ ቀመር ሰጠ። ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው ሳይክሮሜትሪክ ቻርት ከዚያ የመጣ ነው።

በዚህ ቻርት እኛም ተዋርደንበታል፤ ጥፋቱም የራሳችን ነው። ለኮርስ ፕሮጀክት የድንች ማቆያ ቤት ነደፍን። ግድግዳው በሁለት ወንፊት ሽቦ መሐል የታጨቀ ከሰል ነው፤ ከላይ ውኃ ይንጠባጠብበታል፣ ነፋስ በእርጥቡ ከሰል ውስጥ ሲያልፍ ይቀዘቅዛል። ደረቁ ቴርሞሜትር 25፣ እርጥቡ 15 ዲግሪ ሲሆን ከቻርቱ ያነበብነው በአንድ ኪሎ ደረቅ አየር 6.5 ግራም ተን ነበር። አስተማሪያችን ሥራችንን አይተው ስለ ስሌቱ ምንም ሳይሉ በቻርቱ ላይ በትንሹ የተጻፈውን መስመር እንድናነብ ብቻ ጠየቁን። 101.325 ኪሎ ፓስካል ይላል፤ የባሕር ጠለል ግፊት። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ናት፤ ግፊቷ 75 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ነው። እዚህ በእነዚያው ሁለት ንባቦች ተኑ ከ10 ግራም ይበልጣል። ማራገቢያውም ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚያንቀሳቅሰው አየር በክብደት ሩብ ያህሉ ይጎድልበታል። ስለዚህ የውኃውም የማራገቢያውም መጠን እንደ አዲስ ተሠራ።

ሰውየውን ግን አንወቅሰውም። ዋናውን ቀመር ስንመለከት የባሮሜትር ግፊት ራሱን ችሎ ቦታ አለው። የተራራ ሰው የራሱን ግፊት ያስገባል፣ የራሱን መልስ ያገኛል። ግፊቱን አንድ ቦታ ላይ ቸንክሮ ያስቀረው ለጥድፊያ የተሣለው ሥዕል ነው፤ ሥዕሉን ይዘን ቀመሩን የረሳነው ደግሞ እኛ ነን።

የቀረውን ቶሎ እንለፈው። ቡፋሎ ፎርጅ የምሕንድስና ክፍሉን ሲያጥፍ ካሪየርና ስድስት ጓደኞቹ በ1915 ገንዘብ አዋጥተው የራሳቸውን ድርጅት አቆሙ። በ1922 ትልልቅ ሕንፃ የሚያቀዘቅዝ በሴንትሪፉጋል መጭመቂያ የሚሠራ መኪና ለሕዝብ አሳየ። በ1925 ኒው ዮርክ ውስጥ ሪቮሊ የሚባል ሲኒማ ቤት በበጋ ቀዘቀዘ፤ ሕዝቡ ከፊልሙ ይልቅ ለአየሩ ይገባ ጀመር ይባላል። ሁለት ሚስቶቹ ሞተውበታል። በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ድርጅቱ ከመውደቅ ለጥቂት ተረፈ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የመጣለት ሥራ ግን ከሁሉ የበለጠ ሳይሆን አልቀረም፤ እሱም ከታላላቅ ሥራዎቹ ይቆጥረው ነበር። ክሊቭላንድ ላይ የአውሮፕላን ሞተር የሚፈተንበት ግዙፍ የነፋስ ዋሻ ሊሠራ ሆነ። በውስጡ የሰማይ ከፍታ አየር መፈጠር አለበት፤ ሣሣ ያለ፣ ከዜሮ በታች ከ40 ዲግሪ በላይ የቀዘቀዘ፣ በኃይል የሚነፍስ። ይህን ሁሉ አየር በዋሻው ውስጥ ሳያንቁ የሚያቀዘቅዙ ቱቦዎች ከየት ይምጡ? መፍትሔው የቱቦውን ድርድር እንደ አኮርዲዮን አጣጥፎ መትከል ሆነ፤ በዚያው ስፋት ውስጥ አየሩ የሚነካው ገጽታ በዛ። ዋሻው በ1944 ሥራ ጀመረ። ቀደም ብለው ከተፈተኑበት አንዱ ከልክ በላይ እየጋለ ያስቸግር የነበረው የቢ-29 ሞተር ነው። ቢ-29 በቀጣዩ ዓመት ሒሮሺማ ላይ ቦምብ የጣለው አውሮፕላን ነው። የአንድን ሰው ሕይወት እየተረክን ይህንን መዝለል አማና ማጉደል ስለሚሆንብን ጻፍነው፤ በጀመዓችን ውስጥ ስንወያይበትም አንድ ሐሳብ ላይ አልደረስንም።

ካሪየር በ1948 ከሥራ ተገለለ፤ ጥቅምት 7 ቀን 1950 በ73 ዓመቱ ኒው ዮርክ ከተማ ሞተ።

በ75 ኪሎ ፓስካል አስልተን የሣልነው የደብረ ማርቆስ ቻርት ኮፒ ተደርጓል። ለፕሮጀክት የሚፈልግ ወንድም ወይም እህት ሐሙስ ከዙህር ሰላት በኋላ ከእኛ መውሰድ ይችላል። ስሕተት ያገኘበት ይንገረን፤ በ15 ዲግሪ አካባቢ ያለችውን መስመር ደግመን እየመረመርናት ነው።