ፍሎረንስ ናይቲንጌል፤ ከስሕተቷ የተማረች አለቃ

እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ከጥቂት ወራት በኋላ ከዚህ ትምህርት ቤት ወጥተን ወደ ሥራ ወይም ወደ ከፍተኛ ትምህርት እንሰማራለን። ከመካከላችን አንዳንዱ አስተማሪ፣ አንዳንዱ ሐኪም፣ አንዳንዱም የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ይሆን ይሆናል። አለቃ መሆን ማለት ማዘዝ ብቻ እንዳልሆነ ከታላላቅ ሰዎች ታሪክ እንማራለንና ለዚህ የትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት የፍሎረንስ ናይቲንጌልን ሕይወት መርጠን አቅርበናል። ዘመኑ ሁሉ የተጻፈው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ፍሎረንስ ናይቲንጌል ሜይ 12 ቀን 1820 ዓ.ም. በኢጣልያ አገር በፍሎረንስ ከተማ ተወለደች፤ ስሟም የተወሰደው ከዚችው ከተማ ነው። ወላጆቿ ባለጸጎች የሆኑ እንግሊዞች ነበሩ። አባቷ ራሱ መምህሯ ሆኖ ቋንቋን፣ ታሪክንና ፍልስፍናን አስተማራት፤ እርሷም የሒሳብ ትምህርት አብልጣ ትወድ ነበር። በ1837 ዓ.ም.፣ ገና 16 ዓመቷ ሳለ፣ እግዚአብሔር ለአገልግሎት እንደ ጠራት ተሰማት። ነገር ግን በዚያ ዘመን በሆስፒታል ሕሙማንን ማስታመም ለባለጸጋ ልጅ እንደ ውርደት ይቈጠር ስለ ነበረ ወላጆቿ አጥብቀው ከለከሏት። ብዙ ዓመት ከታገሠች በኋላ በ1851 ዓ.ም. በጀርመን አገር በካይዘርስቬርት ሦስት ወር ያህል ይህንኑ ሥራ ተማረች፤ በ1853 ዓ.ም. ደግሞ በሎንዶን ለታመሙ ሴቶች የተቋቋመ አንድ አነስተኛ ሆስፒታል ኃላፊ ሆነች።

በ1854 ዓ.ም. እንግሊዝና ፈረንሳይ ከቱርክ ጋር ሆነው በክሪሚያ ከሩሲያ ጋር ይዋጉ ነበር። የእንግሊዝ ቍስለኞች የሚደርስባቸው መከራ በጋዜጣ በተሰማ ጊዜ ሚኒስትሩ ሲድኒ ኸርበርት ፍሎረንስን ላካት። እርሷም 38 ሴቶችን አስከትላ ኖቬምበር 4 ቀን ከቍስጥንጥንያ ማዶ ወዳለው ወደ ስኩታሪ ሆስፒታል ደረሰች። ቤቱ አስቀድሞ የቱርክ ወታደሮች ሠፈር የነበረ ሲሆን፣ በቆሻሻና በአይጥ ተሞልቶ፣ በሽተኛው ልብስና አልጋ አጥቶ በወለል ላይ ተኝቶ ነበር።

የሠራዊቱ ሐኪሞች የሴቶቹን መምጣት አልወደዱትም። ፍሎረንስ ግን ከሐኪሞቹ ጋር አልተጣላችም፤ እነርሱ ሳይጠሯቸው ነርሶቹ ወደ በሽተኞች እንዳይቀርቡ አዘዘች። ከነርሶቹ አንዳንዶቹ ቢያጕረመርሙም እርሷ ትእዛዟን አልለወጠችም። ከጥቂት ቀን በኋላ የኢንከርማን ውጊያ ቍስለኞች በብዛት በመጡ ጊዜ ሐኪሞቹ ራሳቸው ርዳታ ጠየቁ። ከዚያ ወዲያ በተዋጣው ገንዘብ ሸሚዝና የወለል ማጠቢያ ብሩሽ ገዛች፤ ቤት ተከራይታ የወታደሮች ሚስቶች ልብስ የሚያጥቡበት ስፍራ አደረገችው፤ ለበሽተኛ የሚስማማ ምግብ አሰናዳች፤ ወታደሮቹም ደመወዛቸውን ለቤተ ሰባቸው የሚልኩበትን መንገድ አበጀች። ሌሊት ፋኖስ ይዛ በሽተኞቹን ትጐበኝ ስለ ነበረ ስሟ በአገሯ ሁሉ ገነነ።

ይህ ሁሉ ድካም ግን ሞትን አላቆመም። በፌብሩዋሪ 1855 ዓ.ም. በስኩታሪ ከመቶ በሽተኞች 42 ያህሉ ይሞቱ ነበር። በማርች ወር መንግሥት የላካቸው የጤና መርማሪዎች መጥተው ከሆስፒታሉ ሥር የተደፈነውን የቆሻሻ ቦይ አስጠረጉ፤ ግድግዳውን ኖራ አስቀቡ፤ አየር እንዲገባ አደረጉ። በጁን ወር የሟቾቹ ቍጥር ከመቶ ወደ 2 ያህል ወረደ።

በ1856 ዓ.ም. ወደ አገሯ ስትመለስ፣ ወታደሮቹ የሞቱት በረኃብና በድካም ተጐድተው፣ ዘግይተውም ወደ ሆስፒታል ስለ ተላኩ ነው ብላ ታምን ነበር። ይህም ጥፋቱን በሌሎች ላይ የሚጥል አሳብ ነበር። ከዚያ ግን ዊልያም ፋር ከተባለው የስታቲስቲክስ ዐዋቂ ጋር ሆና የሟቾቹን መዝገብ መረመረች። ቍጥሩ ያሳያት ሌላ ነገር ነበር፤ ብዙውን ሰው የገደለው የቤቱ ርኵሰትና የአየር እጦት ነበር። እርሷ የደከመችበት ሆስፒታል ራሱ ገዳይ ነበር ማለት ነው። ሕዝብ ሁሉ ሲያመሰግናት እውነቱን ደብቃ በክብሯ ልትኖር ትችል ነበር፤ ነገር ግን ይታወቅ ብላ ተከራከረች። መንግሥትም በቀላሉ እንዲያስተውለው የሟቾቹን ቍጥር በሰማያዊ፣ በቀይና በጥቍር ቀለም በሥዕል አሳየች። ሰማያዊው መከላከል ይቻል በነበረ በሽታ የሞቱትን ያመለክታል፤ እርሱም በጥይትና በጐራዴ ከሞቱት እጅግ ይበልጥ ነበር። በ1858 ዓ.ም. የሎንዶን ስታቲስቲክስ ማኅበር የመጀመሪያዪቱ ሴት አባል አደረጋት።

በ1860 ዓ.ም. በሎንዶን በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል በስሟ የነርሶች ትምህርት ቤት ተከፈተ። ከ1857 ዓ.ም. ጀምሮ ሕመም ስለ ጸናባት፣ አብዛኛውን ሥራዋን ያከናወነችው ከቤት ሳትወጣ በደብዳቤ ነበር። እንከን የሌለባት ሰው ነበረች አንልም። ሲድኒ ኸርበርት በጠና ታሞ ሳለ ሥራውን እንዳይተው ትገፋው ነበር፤ በ1861 ዓ.ም. በሞተ ጊዜም እጅግ አዘነች። በ1907 ዓ.ም. ንጉሡ ታላቅ ኒሻን ሸለማት፤ ኦገስት 13 ቀን 1910 ዓ.ም. በ90 ዓመቷ ዐረፈች።

አሁን ስለ ራሳችን ጥቂት እንናገር። ባለፈው ዓመት እኛ የቤተ መጻሕፍቱን ሥራ እንድንመራ ኃላፊነት ተሰጥቶን ነበር። መጻሕፍት በጐደሉ ጊዜ ጥፋቱን በታናናሾቻችን ላይ ጥለን መጽሐፍ ወደ ቤት እንዳይወስዱ ከለከልን። በመጨረሻ መዝገቡን ገልጠን ብንቈጥር ከጐደሉት የሚበዙት በእኛው ክፍል ተማሪዎች እጅ ተገኙ። መጻሕፍቱን መለስን፤ ክልከላውንም አነሣን፤ ምክንያቱን ግን ለማንም አልተናገርንም።

የፍሎረንስ ናይቲንጌልን ታሪክ ስናነብ ያፈርነው በዚህ ነው። እርሷ የብዙ ሰው ሞት ያለበትን መዝገብ ገልጣ ለሕዝብ ካሳየች፣ እኛ የጥቂት መጻሕፍትን መዝገብ ስለምን ደበቅን? ስለዚህ ታናናሽ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፣ ጥፋቱ የእኛ ነበርና ይቅርታ አድርጉልን። ነገ በምንሠራበት ቦታም ሌላውን ከመውቀሳችን በፊት መዝገቡን ገልጠን እንድንቈጥር፣ የቈጠርነውንም እንዳንደብቅ አምላካችን ይርዳን።