ባህርን ወደ ቤት ያስገባችው የገጠር ልጅ

ስልካችንን ስንነካካ በመስታወት ሳጥን ውስጥ የሚዋኙ ባለቀለም የባህር ዓሦችን ያላየን የለንም። ነገሩ የሀብታም ቤት ጌጥ፣ ያውም ባህር አጠገብ ላለ ሰው ብቻ ይመስለናል። የመጀመሪያውን አኳሪየም ሠራች ተብላ የምትጠቀሰው ሴት ግን ባህር ከማይታይበት ገጠር የወጣች ልብስ ሰፊ ነበረች። ዛሬ የዣን ቪልፕሩ ፓወርን ሕይወት እናውጋችሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዣን በመስከረም 1794 ዡያክ በምትባል የፈረንሳይ ገጠር ተወለደች። ቤተሰቧ ተራ ሰዎች ነበሩ፤ ትምህርቷም ከማንበብና ከመጻፍ ብዙም ያለፈ አልነበረም። 18 ዓመት ሲሞላት ስፌት ልትሠራ ወደ ፓሪስ ተነሳች፤ በእግሯ። መንገዱ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ለእኛ ሰው ርቀቱን ማስረዳት ቀላል ነው፦ ከቡሬ ተነስቶ በፍኖተ ሰላም፣ በደምበጫና በደብረ ማርቆስ አልፎ፣ አባይ በረሃን ወርዶና ወጥቶ አዲስ አበባ እንደመግባት ነው። በአውቶቡስ እንኳ ወገባችንን የሚቆርጠንን ያህል መንገድ ማለት ነው።

እንደሚነገረው፣ አብሯት የወጣው ዘመዷ መንገድ ላይ በደል አደረሰባት፤ የጉዞ ወረቀቷንም ይዞባት ሄደ። ሌላ ወረቀት እስኪደርሳት ኦርሌያን ከተማ ቆየች። ፓሪስ ስትገባ ታስቦላት የነበረው ሥራ በሌላ ሰው ተይዞ ጠበቃት። ወደ ኋላ ግን አልተመለሰችም፤ ሌላ ልብስ ሰፊ ዘንድ በረዳትነት ገባች። በ1816 የሲሲሊዋ ልዕልት ካሮሊን ለፈረንሳዩ የቤሪ መስፍን ስትዳር የሠርግ ቀሚሷ ላይ የተጠበበችው ይህችው የገጠር ልጅ ነበረች።

በዚያው ሰሞን ጄምስ ፓወር ከሚባል ነጋዴ ጋር ተዋወቀች። በ1818 ሲሲሊ ደሴት ላይ፣ መሲና ከተማ ተጋቡና እዚያው ኑሮ መሠረቱ። የነጋዴ ሚስት ሆና ተመችቷት መቀመጥ ትችል ነበር። እሷ ግን ደሴቱን በእግሯ እየዞረች ዕፅዋቱን፣ ነፍሳቱን፣ ድንጋዩን መመዝገብ ያዘች። ከሁሉ በላይ ልቧን የወሰደው ባህሩ ነው።

እዚያ ባህር ውስጥ አርጎናውት የሚባል ፍጥረት አለ። የኦክቶፐስ ዘመድ ነው፤ ሴቷ እንደ ወረቀት የሳሳ ነጭ ዛጎል ውስጥ ትኖራለች። የዘመኑ ሊቃውንት ይህ ዛጎል የማን ነው በሚል ለረጅም ጊዜ ተከራክረዋል። ራሷ ትሠራዋለች ወይስ ከሌላ ፍጥረት ቀምታ ነው የምትገባበት? ክርክሩ ያልተፈታው ሁሉም የሚመረምረው የሞተውን ስለነበር ነው። ዣን ነገሩ ገባት፤ መልሱ ያለው በሕይወት ካለችው ዘንድ ነው። በሕይወት እንድትቆይ ደግሞ ባህሩን ወደ ራሷ ማምጣት ነበረባት።

በ1832 መስታወት አሠርታ፣ የባህር ውሃ ሞልታ፣ ፍጥረቶቹን ቤቷ ውስጥ ማየት ጀመረች። በዚያ አላበቃችም። ሁለተኛው ዓይነት መስታወቱ በሳጥን ታቅፎ ባህር ውስጥ የሚጠልቅ ነው። ሦስተኛው ባህሩ ላይ በመልህቅ የሚታሰር ትልቅ ሳጥን ሲሆን ለትላልቆቹ ነበር። እየመገበች፣ እየተከታተለች፣ የምታየውን ሁሉ ጻፈች። የአርጎናውትን ዛጎል ሆን ብላ ሰበረችው፤ እንስሳዋ የተሰበረውን መልሳ ጠገነችው። ግልገሎቹ ያለ ዛጎል ተፈልፍለው ቆይተው ራሳቸው ሲሠሩትም አየች። የስንት ሊቅ ክርክር በዚህ ተዘጋ።

እስቲ በዚያው ሰሞን እኛ አገር ምን ነበር እንበል። ኤድዋርድ ሩፔል የሚባል ጀርመናዊ ጎንደር ላይ ነበር። እሱም በ1794 የተወለደ ነው፤ የዣን እኩያ። ዋልያንና ጭላዳን በሳይንሳዊ ስም ለዓለም ያስተዋወቀ፣ የጣና ዓሦችንም የመዘገበ ሰው ነው። ዛሬ አኳሪየም ውስጥ ከምናያቸው ዓሦች አንዱን፣ ሁለት ነጭ ቀበቶ ያለውን የቀይ ባህር ክላውንፊሽ፣ በ1830 ስም ያወጣለትም እሱ ነው። ትልቅ ሥራ ነው። ግን እንደ ዘመኑ ሁሉ፣ ወደ አገሩ የወሰደው የሞተውን ነበር። ዣን ደግሞ በሕይወት ያለው ምን ያደርጋል ብላ ቁጭ ብላ ጠበቀች።

ታድያ ስሟ በቀላሉ አልቆመላትም። ያገኘችውን ነገር የራሳቸው ለማድረግ የሞከሩ ነበሩ። ይባስ ብሎ የሰበሰበችውን ናሙናና ወረቀቷን የጫነው መርከብ ሰጠመ። የስንት ዓመት ልፋት ባህሩ መልሶ ወሰደው። ከዚያ በኋላ መጻፍ አላቆመችም፤ አዲስ ምርምር ግን አልሠራችም። የተረፈላት ቀድማ ያሳተመችውና ለሳይንስ ማኅበራት የላከችው ነው። በእሱ ምክንያት ከአሥር የሚበልጡ ማኅበራት አባል አደረጓት፤ በሲሲሊ የካታንያው አካዳሚ ከተቀበላቸው ሴቶችም የመጀመሪያዋ ናት። በ1858 እንግሊዛዊው ታላቅ ሳይንቲስት ሪቻርድ ኦወን የአኳሪየም ጥበብ እናት እሷ መሆኗን መሰከረ።

በ1870 ፓሪስ በጦር ስትከበብ ወደ ትውልድ መንደሯ ተመለሰች፤ በጥር 1871 እዚያው ዡያክ አረፈች። ከዚያ ከመቶ ዓመት በላይ ተረሳች። በ1997 ግን በፕላኔት ቬኑስ ላይ ያለ አንድ ሰፊ ጉድጓድ በስሟ ተጠራ።

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። ፍኖተ ሰላም ያለ ወጣት የባህር አኳሪየም ልሞክር ቢል ይችላል? ይችላል፤ ባህሩን ራሱ መቀመም ግን አለበት። የባህር ውሃ በሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው አለው። የወጥ ጨው ብቻውን ባህር አይሆንም፤ ማግኒዚየም፣ ካልሲየምና ፖታሲየም የተቀላቀለበት ለዚሁ የተዘጋጀ ጨው ያስፈልጋል፤ ውሃውም የተጣራ ይሁን። ከዚያ ትዕግሥት ነው። የዓሣን ቆሻሻ የሚያመክኑ ባክቴሪያዎች እስኪራቡ ድረስ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። በዚህ መሃል ዓሣ ማስገባት ዓሣውን መግደል ነው። ውሃው ሲተን ጨው አብሮ አይተንም፤ ስለዚህ የጎደለው የሚተካው ጨው በሌለው ውሃ ነው። ደግሞ መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፤ ዓሣው አየር ያጥረዋል። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ከዓሣው በፊት ይገዛ።

ወጪው ከበዛ በላህ ወይም በፈጣም ዓሣ መጀመርም ይቻላል፤ ለእነሱ ጨው አያስፈልግም። ዣን ከመስታወቱ በፊት የነበራት ጥያቄ ነበር፤ ከመስታወቱ በኋላም ያዳናት ደብተሯ ነው። እናንተም ያያችሁትን በቀን በቀኑ ጻፉ፣ ለሰውም አሳዩ። ቤታችሁ ዓሣ የምታረቡ ካላችሁ ፎቶውን ላኩልን፤ እኛም እናጋራዋለን።