ኦቶ ሮህዌደርና የቺሊኮቲ ዳቦ መጋገሪያ

ኦቶ ሮህዌደር እ.ኤ.አ. በ1880 በአሜሪካ፣ አዮዋ ግዛት፣ ዴ ሞይን ከተማ ተወለደ። የጌጣጌጥ ነጋዴ የነበረው ሮህዌደር ሱቆቹን ሸጦ ገንዘቡን በዳቦ መቁረጫ ማሽን ሥራ ላይ አዋለ። በ1917 የተነሣ ቃጠሎ የማሽኑን ናሙናና ንድፎቹን በማውደሙ ሥራው ለዓመታት ተጓተተ። ዳቦ ጋጋሪዎችም የተቆረጠ ዳቦ ቶሎ ይደርቃል በሚል ሥጋት ሐሳቡን አልተቀበሉትም። ስለዚህ ዳቦውን ቆርጦ ወዲያው የሚጠቀልል ማሽን ሠራ። ጁላይ 7 ቀን 1928 በሚዙሪ ግዛት የሚገኘው የቺሊኮቲ ዳቦ መጋገሪያ ኩባንያ በዚህ ማሽን የተቆረጠውን ዳቦ ለገበያ አቀረበ። ሮህዌደር የፈጠራ መብቱን ሸጠ፤ በ1960 ዐረፈ። ፈጠራውን ለገበያ ያበቃው የማሽኑ ስለት ብቻ አልነበረም፤ ድርቀትን የተከላከለው መጠቅለያና ትልልቆቹን ሳይጠብቅ ማሽኑን የተቀበለው የአነስተኛ ከተማ ዳቦ መጋገሪያ ጭምር እንጂ።