ሜትርን የለካው ሰው የደበቃት ቁጥር

አስራ አንደኛ ክፍል ሳለን የፊዚክስ ሙከራ ታዘዝን። ክር ላይ ብረት አንጠልጥለን እያወዛወዝን፣ ጊዜውን በሰዓት እየያዝን፣ የመሬትን ስበት ማስላት ነው። መጽሐፉ 9.8 ይላል። የእኛ ቡድን 9.1 አገኘ። ምን አደረግን? ላጲስ አነሳን። ጊዜውን ትንሽ ቀነስ፣ የክሩን ርዝመት ትንሽ ጨመር፤ 9.8 ቁጭ አለ! ከአስር አስር አገኘን።

ይህን የድሮ ጉድ ያስታወሰኝ ሰሞኑን የሕይወት ታሪኩን ሳነብ የሰነበትኩት ፈረንሳዊው የሥነ ፈለክ ሰው ፒየር ሜሻን ነው። ዛሬ ጨርቅ የምንለካበትን ሜትር ከሰጡን ሁለት ሰዎች አንዱ ነው።

ሜሻን በ1744 ላኦን በምትባል የፈረንሳይ ከተማ ተወለደ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ሌሊቱን ሰማይ ሲያስስ የሚያድር፣ ጅራታም ኮከቦችን በማግኘት ስም ያወጣ፣ በጥንቃቄው የሚታወቅ ሰው ነበር። በዚያን ዘመን የፈረንሳይ መለኪያ እንደኛው ክንድ ነው፤ የአንዱ አገር ልክ ከሌላው አይገጥምም። አብዮቱ ሲመጣ ለሁሉም ሕዝብ የሚሆን አንድ መለኪያ ይኑር ተባለ። በ1791 ሜትር ማለት ከሰሜን ዋልታ እስከ ምድር ወገብ ያለው ርቀት ለአስር ሚሊዮን ተከፍሎ አንዱ ክፋይ ነው ተብሎ ተወሰነ።

ታዲያ ያን ርቀት ማን ይለካል? በ1792 ሁለት ሰዎች ተላኩ። ዣን ባፕቲስት ደላምብር ከደንከርክ ተነስቶ ወደ ደቡብ፣ ሜሻን ደግሞ ከባርሴሎና ወደ ሰሜን እየለኩ መጥተው ሮዴዝ ላይ ሊገናኙ። ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ በተራራና በደወል ቤት ጫፍ እየተወጣ፣ ሦስት ማዕዘን ከሦስት ማዕዘን ጋር እየተያያዘ ይለካል። የመስመሩ ሁለት ጫፎች ኬክሮስ ደግሞ በከዋክብት ይወሰናል።

ሜሻን በመጀመሪያው ክረምት ባርሴሎና አጠገብ ካለው የሞንዡይክ ምሽግ ላይ ሆኖ ኬክሮሱን ለካ። ውጤቱ እርስ በርሱ ግጥም ያለ ነበር። ከዚያ መከራው ጀመረ። የውኃ መሳቢያ ማሽን ሊያይ ሄዶ ክፉኛ ተመታ፤ አጥንቱ ተሰብሮ ለሞት ተቃረበ። በ1793 ፈረንሳይና ስፔን ጦርነት ገጠሙ፤ ከአገር መውጣትም፣ ወደ ምሽጉ መመለስም ተከለከለ።

ሥራ መፍታት የማይወደው ሰው ካረፈበት ሆቴል ሆኖ ኮከቦቹን እንደገና ለካቸው። ከሆቴሉ እስከ ምሽጉ ያለውን ርቀት ለክቶ ሁለቱን ሲያስተያያቸው ሦስት ሰከንድ ያህል አልገጠሙም። ሰከንድ ስል የሰዓቱን አይደለም፤ አንድ ዲግሪ ለ3,600 ሲከፈል አንዷ ክፋይ ናት። ሦስቷ መሬት ላይ መቶ ሜትር ገደማ ትሆናለች። ሁለቱም ልኬቶች ለየብቻቸው ሲታዩ እንከን የላቸውም። ግን ሁለቱም ልክ ሊሆኑ አይችሉም!

ሜሻን ለማንም አልተናገረም። የሆቴሉን ውጤት ደበቀ። ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት የጭንቀት ናቸው። ሥራውን ያዘገያል፣ ወደ ፓሪስ መመለስ ይፈራል፤ ባለቤቱ ሳትቀር ካለበት ድረስ ሄዳ አበረታታችው። በመጨረሻ ያስተካከላቸውን ቁጥሮች አቀረበ። ከተለያዩ አገሮች የመጡት ሊቃውንት አመሰገኑት፤ በ1799 ከፕላቲነም የተሠራው ሜትር በክብር ተቀመጠ። የፓሪስ የከዋክብት መመልከቻ ኃላፊነትም ተሰጠው። ምስጋናው ግን እንደ እሾህ ይወጋው ነበር። መስመሩን እስከ ባሊያሪክ ደሴቶች ለማስረዘም እንደገና ወደ ስፔን ሄደ፤ መስመሩ ከረዘመ የባርሴሎና ቁጥር ጫፍ መሆኗ ይቀራል። በመስከረም 1804 በትኩሳት ታሞ ካስቴዮን ከተማ ላይ ሞተ።

ማስታወሻዎቹ ደላምብር እጅ ገቡ። በእርሳስ የተጻፉ፣ የተፋቁ፣ የተለወጡ ቁጥሮች! ደላምብር የባልደረባውን ስም ማጥፋት አልፈለገም፤ ልዩነቱን ግን ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ አወጣው፤ ወረቀቶቹንም ጠርዞ በመዝገብ ቤት አስቀመጠ።

ልቤን የነካው ቀጥሎ የመጣው ነው። በ1828 ኒኮሌ የተባለ ሌላ የሥነ ፈለክ ሰው እነዚያኑ ልኬቶች አንስቶ መረመራቸው። ከአናት በስተሰሜንና በስተደቡብ የሚያልፉት ኮከቦች ተለይተው ከተሰሉ በኋላ ውጤታቸው ሲጣመር ልዩነቱ ከሞላ ጎደል ይጠፋል። ጥፋቱ የሰውየው ዓይን ሳይሆን መሣሪያው ነበር፤ በአንድ በኩል ያዘመመ መሣሪያ መቶ ጊዜ ቢለኩበት መቶ ጊዜ እኩል ያሳስታል። የመጀመሪያው ሜትር 0.2 ሚሊ ሜትር ያጠረውም በዋናነት የመሬት ቅርጽ እንደተገመተው ስላልሆነ ነው። ሰውየው አስር ዓመት ራሱን የቀጣው ባላጠፋው ነገር ነው። ያጠፋውስ? መደበቁን ነው። ያቺን ሦስት ሰከንድ ያኔውኑ ቢናገር ኖሮ መልሱን በሕይወት እያለ ባገኘው ነበር።

ያኔ ሜሻንን የሚያድነው ቋንቋ ገና አልዳበረም። ልኬት ሁሉ ከነስህተቱ መጠን ይነገር የሚለው ልማድ፣ ስህተትን በሒሳብ የሚይዘው ስልት የተስፋፋው ከእሱ በኋላ ነው። እኛ ግን ያ ሁሉ እያለ ላጲስ አነሳን። ክሩን የለካነው ከላይ እስከ ብረቱ አናት ይሁን እስከ መሐሉ አልጠየቅንም፤ ምናልባት ያች 9.1 ልትነግረን የፈለገችው ይህንኑ ነበር። አሁን ልጄ የሙከራ ደብተሯን ይዛ ስትመጣ መጀመሪያ የምጠይቃት መልሱን አይደለም። የፋቀችው ቁጥር ካለ አሳይኝ እላታለሁ።