ቅዱስ አምብሮስዮስ ዘሚላኖና የወርቁ ምሥዋዕ

ሚላኖ በሰሜን ኢጣልያ የምትገኝ ጥንታዊት ከተማ ስትሆን፥ በአራተኛው መቶ ዓመት የምዕራብ ነገሥታት መቀመጫ ነበረች። በዚያም ዘመን በጵጵስና መንበሯ ላይ የተቀመጠው አርዮሳዊው አውክሰንትዮስ ነበር። እርሱን በ355 የሾመው ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢዮስ ነው (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እንጽፋለን)፤ ይኸው ንጉሥ ነው አባታችን አባ ሰላማን ወደ እስክንድርያ መልሰው እንዲሰዱ ለአክሱም ነገሥታት ለኢዛናና ለሳይዛና የጻፈው። እንግዲህ የሚላኖና የአክሱም ምእመናን በአንድ ዘመን በአንድ ንጉሥ እጅ ተፈትነዋል ብንል ከእውነት አንርቅም።

አውክሰንትዮስ በ374 በሞተ ጊዜ ሕዝቡ በምርጫው ተከፍሎ ታወከ። አምብሮስዮስ የአገሩ ገዥ ነበርና ሁከቱን ሊያበርድ ወደ ቤተ ክርስቲያን ገባ፤ ሁለቱም ወገኖች ግን እርሱ ራሱ ጳጳስ እንዲሆንላቸው በአንድ ድምፅ ጮኹ። ገና ንኡሰ ክርስቲያን እንጂ የተጠመቀ አልነበረም፤ ሊሸሽም ሞክሮ አልሆነለትም። ተጠምቆ በስምንት ቀን ውስጥ በዲሴምበር 7 ቀን ተሾመ። ሹመቱ ከሥርዓት የወጣ መሆኑን አንክድም፤ ፍሬው ግን መልካም ሆነ። ወርቁንና ብሩን ለቤተ ክርስቲያንና ለድኆች ሰጥቶ፥ መጻሕፍትን እንደ ደቀ መዝሙር ከመጀመሪያው መማር ያዘ።

በ378 ጎታውያን ንጉሡን ዋሌንስን በአድርያኖፖሊስ ድል ነሥተው ገደሉት፤ ከትራቄና ከእልዋሪቆንም ብዙ ክርስቲያኖች ተማርከው ለገበያ ቀረቡ። አምብሮስዮስም ንዋየ ቅድሳቱን አሰብሮና አስቀልጦ በዋጋቸው ምርኮኞችን ዋጀ። አርዮሳውያን ይህን እንደ ታላቅ ነውር አድርገው ነቀፉት። እርሱም በኋላ ለካህናት በጻፈው መጽሐፍ፥ ቤተ ክርስቲያን ወርቅ የያዘችው ለተቸገሩት ልታወጣው እንጂ ልታከማቸው እንዳልሆነ፥ ከወርቅ ጽዋም ይልቅ በክርስቶስ ደም የተዋጀ ሰው እንደሚከብር አስረዳ። ስለ አፈጻጸሙ የሰጠውን ትእዛዝ ካህናት ልብ ብለው ሊያዩት ይገባል፤ አስቀድሞ ያልተቀደሰው ዕቃ ይፈለጋል፥ ጽዋውም መልኩን እንደ ያዘ ከቤተ መቅደስ አይወጣም፥ ተሰብሮ ይቀልጣል እንጂ፤ ይህም ለርኩስ አገልግሎት እንዳይውል ነው።

በ386 የንጉሡ እናት ዮስቲና ለአርዮሳውያን ቤተ ክርስቲያን እንዲለቅላቸው ባስገደደችው ጊዜ፥ ከሕዝቡ ጋር በውስጥ ሆኖ፥ ወታደሮች በውጭ ከበው ሳሉ፥ እየተቀባበሉ መዝሙር እንዲዘምሩ አደረገ። ማሕሌት ቆመን ሌሊቱን የምናነጋ እኛ ይህን ስናነብ እንግዳ አይሆንብንም። በ387 በትንሣኤ ሌሊት አውግስጢኖስን አጠመቀው። በ390 ቴዎዶስዮስ በተሰሎንቄ ብዙ ሕዝብ ባስፈጀ ጊዜም ንስሓ ሳይገባ ወደ ቍርባን እንዳይቀርብ ከለከለው፤ ንጉሡም ልብሰ መንግሥቱን አውልቆ በሕዝብ ፊት አለቀሰ።

አምብሮስዮስ በ397 በቀዳም ሥዑር ዐረፈ። ራሱ አሠርቶ በ386 በቀደሳት ቤተ ክርስቲያን፥ በሰማዕታቱ በገርቫስዮስና በፕሮታስዮስ አጠገብ ተቀበረ። በዘጠነኛው መቶ ዓመት ሊቀ ጳጳስ አንጂልበርቶ ከመቃብሩ በላይ እስከ ዛሬ ያለውን ምሥዋዕ አሠራ። ፊቱ ወርቅ፥ የቀሩት ሦስቱ ገጾች በወርቅ የተለበጠ ብር ነው፤ በዕንቍም አጊጧል። ሠሪው አንጥረኛ ቮልቪኒዮ በቅዱሱ እጅ አክሊል ሲቀዳጅ በጀርባው ተቀርጿል፤ ሠራተኛን ከሊቀ ጳጳሱ እኩል ማክበር በዚያ ዘመን የተለመደ ነገር አልነበረም።

በዚያው ጀርባ የቅዱሱ ገድል በ12 ሥዕሎች ተቀርጿል። ሕፃን ሳለ ንቦች በአፉ ላይ ሲሰፍሩ፥ ሲሸሽ፥ ሲጠመቅ፥ ሲሾም፥ ሲቀድስ፥ ነፍሱም ስታርግ ይታያል። የምርኮኞቹ መዋጀትና የቀለጠው ጽዋ ግን በመካከላቸው የለም። አንጥረኛው ስለ ረሳው ነው እንዳንል ገድሉን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ወርቅን ስለ ማቅለጥ የሚናገረውን ታሪክ በወርቅ ላይ መቅረጽ ከብዶት ይሆናል ብለን እንጠረጥራለን። ምሥዋዑን ያሠሩትን አንነቅፍም፤ ለቅዱሱ ክብር ያላቸውን ሰጥተዋልና።

በ1871 መቃብሩ ተከፍቶ የሦስት ሰዎች ዐፅም ተገኘ። ዛሬ አምብሮስዮስ ከምሥዋዑ በታች ባለው ምድር ቤት፥ በሁለቱ ሰማዕታት መካከል፥ ልብሰ ጵጵስና ለብሶ ተጋድሞ ይታያል።