ሜሪያን ኖርዝ፡ በአንድ የአበባ ዘለላ ምክንያት ዓለምን የዞረችው ሠዓሊ

በአውሮፓውያኑ 1856 አንዲት እንግሊዛዊት ወጣት በለንደን የሚገኘውን የኪው ዕፅዋት ማዕከል ጎበኘች። የማዕከሉ ዳይሬክተር ሰር ዊሊያም ሁከር አምኸርስቲያ ከተባለ የበርማ ዛፍ የተቆረጠ ቀይ የአበባ ዘለላ ሰጧት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሜሪያን ኖርዝ እንዲህ ያሉ ዕፅዋት የሚበቅሉባቸውን ሞቃታማ አገራት የማየት ምኞት አደረባት።

ምኞቷ እስኪፈጸም ግን 15 ዓመታት ጠበቀች። እናቷ ከመሞታቸው በፊት አባቷን ትታ እንዳትሄድ ቃል አስገብተዋት ነበር። የፓርላማ አባል የነበሩት አባቷ በ1869 ሲያርፉ፣ ሐዘኑ ክፉኛ ቢጎዳትም በወረሰችው ሀብት ራሷን ችላ መኖር ቻለች። ትዳር የሴትን ነጻነት ይነፍጋል ብላ ታምን ስለነበር አላገባችም።

በ1871 የ40 ዓመት ሴት ሆና ቀለምና ብሩሿን ይዛ ጉዞ ጀመረች። ከጃማይካ እስከ ብራዚል፣ ከጃፓን እስከ ሕንድ ተዘዋወረች። በዘመኑ የዕፅዋት ሠዓሊዎች የተቀነጠሰ ቅርንጫፍ በነጭ ወረቀት ላይ በውሃ ቀለም መሳልን ያዘወትሩ ነበር። እሷ ግን ተክሉን ከነደኑና ከነተራራው በዘይት ቀለም ትስል ነበር።

ሥዕሎቿ ለሳይንስም ጠቅመዋል። በቦርኒዮ የሳለችውን፣ ማሰሮ በሚመስል ቅጠሉ ነፍሳትን የሚያጠምድ ተክል የተመለከቱ የዕፅዋት ነጋዴዎች ባለሙያ ልከው አስፈለጉት። ለሳይንስ አዲስ ዝርያ ሆኖ በመገኘቱም በስሟ ተሰየመ።

በ1879 በራሷ ወጪ በኪው የሥዕል አዳራሽ ለማሠራት ጥያቄ አቀረበች። ዳይሬክተሩ የዊሊያም ልጅ ጆሴፍ ሁከር ነበሩ። እሳቸውም ሐሳቡን ተቀበሉ፤ ለደከሙ ጎብኚዎች ሻይና ቡና እንዲቀርብ መጠየቋን ግን አልፈቀዱም። እሷም ከኢትዮጵያ ደኖች የተገኘውን የቡና ተክል ከሻይ ጋር በአዳራሹ በሮች ዙሪያ ሣለችው።

አዳራሹ በ1882 ሲከፈት አፍሪካ ይቀራት ነበር። ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ ቀጥላም በ1883 ወደ ሲሼልስ ሄደች። በደሴቶቹ ብቻ የሚበቅል አንድ የዛፍ ወገን እስከ ዛሬ ስሟን ይዟል። የመስማት ችሎታዋ እየቀነሰ፣ ጤናዋም እየታወከ ሳለ የመጨረሻ ጉዞዋን ወደ ቺሊ አድርጋ በ1885 ተመለሰች። በ1890 በ59 ዓመቷ አረፈች።

ከ800 በላይ የሚሆኑት ሥዕሎቿ ዛሬም እሷ በደረደረችበት ሁኔታ ግድግዳዎቹን ሞልተው ይታያሉ። ከሳለቻቸው ደኖች አንዳንዶቹ ከዚያ ወዲህ ተመንጥረዋል። ሩቅ አገር መሄድ የማይችል ጎብኚ ግን እሷ በወጣትነቷ አበባውን በተቀበለችበት በዚያው ማዕከል ያያቸዋል።