የጣሃ ሑሴን ታሪክ

በጭሮ፥ በሒርና፥ በበዴሳና በገለምሶ ብዙ ሕፃናት ትምህርታቸውን የሚጀምሩት ከመምህራቸው ፊት ተቀምጠው ፊደልን ወይም ቍርኣንን በመድገም ነው። በግብጽ አገርም አንድ ዓይነ ሥውር ልጅ እንዲሁ ጀመረ፤ ኋላም የአገሩ የትምህርት ሚኒስትር ለመሆን በቃ። ስሙም ጣሃ ሑሴን ይባላል።

ጣሃ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1889 ዓ.ም. ማግሃጋ በምትባል ከተማ አጠገብ ተወለደ። ከኢትዮጵያ የሚወርደው የዓባይ ውሃ በዚያች ምድር ያልፋል። ገና ሕፃን ሳለ ዓይኑን ታመመ። ወላጆቹም ወደ ሐኪም በመውሰድ ፈንታ ለጠጕር ቈራጭ ሰጡት፤ እርሱም ባለማወቅ ቢያክመው የልጁ ዓይን ፈጽሞ ጠፋ። ልቡናው ግን ንቁ ስለ ነበረ፥ ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላው ቍርኣንን በሙሉ በቃሉ አጠና።

በ1902 ዓ.ም. ከታላቅ ወንድሙ ጋር ወደ ካይሮ ሄዶ አል አዝሐር ወደሚባለው ታላቅ የእስልምና ትምህርት ቤት ገባ። ለፈተና በቀረበ ጊዜ ፈታኙ ስሙን ትቶ በዕውርነቱ ጠራው። ይህም ነገር ልቡን እጅግ አቈሰለው፤ ኋላ የሕይወቱን ታሪክ ሲጽፍም አልረሳውም።

ትምህርቱ አልከበደውም። ነገር ግን ያለ መሪ መንገድ መሄድ፥ ያለ አንባቢም መጽሐፍ መማር አይችልም ነበር። ወንድሙ እጁን ይዞ ወደ ትምህርት ያደርሰዋል፤ ማታ ግን ከባልንጀሮቹ ጋር ለማጥናትና ለመጫወት ሲሄድ ብላቴናውን በክፍሉ ብቻውን ይተወዋል። ጣሃም በጨለማ ተቀምጦ የተማሪዎቹን ሳቅና ክርክር ከሩቅ ይሰማ ነበር፤ ከእነርሱ ጋር መሆን ቢመኝም ለመጠየቅ ያፍር ነበር። በኋላ የአክስቱ ልጅ ለትምህርት ወደ ካይሮ መጣ። ሁለቱም አብረው ይሄዱ፥ አብረው ያነቡ ጀመር፤ የጣሃም ብቸኝነት አለቀ።

በ1908 ዓ.ም. አዲሱ የግብጽ ዩኒቨርሲቲ በተከፈተ ጊዜ ጣሃ ከተማሪዎቹ አንዱ ሆነ። በ1914 ዓ.ም. እንደ እርሱ ዓይነ ሥውር ስለ ነበረው ባለቅኔ ስለ አቡል ዓላ አል መዓሪ ጽፎ፥ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለ። ከዚያም ወደ ፈረንሳይ ተላከ። በዚያም ሱዛን የምትባል ወጣት መጻሕፍትን ታነብለት ነበር፤ በ1917 ዓ.ም. ሚስቱ ሆነች። በፓሪስም ሁለተኛ የዶክተርነት ማዕርግ አግኝቶ በ1919 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመለሰና መምህር ሆነ።

በ1950 ዓ.ም. የትምህርት ሚኒስትር ሆኖ ተሾመ። የድኻ ልጅ በገንዘብ ማጣት ከትምህርት እንዳይቀር፥ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ያለ ክፍያ እንዲሰጥ አደረገ። በ1973 ዓ.ም. በ83 ዓመቱ ዐረፈ።

ዛሬ በጭሮ ከተማ የኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ አለ። ዓይኑ የማያይ ተማሪ ወደዚያ ወይም ወደ ሌላ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ሲገባ፥ እንደ ጣሃ የሚዳስሰው ወይም የሚሰማው መጽሐፍና መንገድ የሚያሳየው ባልንጀራ ያስፈልገዋል። ማንበብ የሚማር ልጅም ድምፁን ከፍ አድርጎ ለማያይ ጓደኛው ቢያነብለት፥ በአንድ መጽሐፍ ሁለት ሰው ይማራል። ሲጠራውም በስሙ ይጥራው።